መንደሩም ይጠየቅ፦ የጤና ምርምርና የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርዶች

የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ የሚባለው አንድ የጤና ጥናት ከሚካሄድበት አካባቢ ነዋሪዎች ተውጣጥቶ ተመራማሪዎችን የሚያማክር ቡድን ነው። አባላቱ ሐኪም ወይም ሳይንቲስት እንዲሆኑ አይጠበቅም። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ የዕድር ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ በሽታው ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ይገኙበታል። ጥናቱ ለአካባቢው ሰው ምን እንደሚጠቅመው፣ የት ላይ ሊጎዳው ወይም ቅር ሊያሰኘው እንደሚችል፣ መረጃው እንዴት ቢነገር እንደሚገባው ለተመራማሪዎቹ ይነግራሉ። የሰፈሩን ጥያቄና ቅሬታም ወደ ምርምር ተቋሙ ያደርሳሉ።

ቦርዱ ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጋር አንድ አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሥልጣን አለው፤ እሱ ሳያጸድቅ ጥናት አይጀመርም። አማካሪ ቦርድ አያጸድቅም፣ አያግድም። የቦርድ አባል በጎረቤቱ ፈንታም አይፈርምም፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ራሱ ነው። ሥልጣን የሌለው አካል ደግሞ ክብደት የሚያገኘው ምክሩ በጊዜ ሲደርስና መልስ ሲያገኝ ብቻ ነው። በብዙ የምርምር ተቋማት ለዚህ ሥራ የተመደበ አስተባባሪ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማን ይመረጥ፣ መቼ ይሰብሰብ፣ ምን ይቅረብለት፣ ለተናገረው ማን መልስ ይስጥ የሚለው የእሱ ድርሻ ነው።

ከቁጣ የተወለደ አሠራር

በዩናይትድ ስቴትስ አላባማ ግዛት ከ1932 እስከ 1972 የቆየው የተስኪጊ ጥናት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የሕክምና ምርምር በሰው እምነት ላይ ካደረሳቸው ጉዳቶች በብዛት የሚነሳው ነው። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ጥቁር ወንዶችን ተከታተለ፤ 399ኙ ቂጥኝ የነበረባቸው፣ 201ዱ ደግሞ ያልነበረባቸው ናቸው። ሰዎቹ «መጥፎ ደም» ለተባለ ሕመም እንደሚታከሙ ተነገራቸው እንጂ የሚጠናው በሽታው ሳይታከም ምን እንደሚያደርስ መሆኑን አላወቁም። ፔኒሲሊን ለቂጥኝ ፍቱን መሆኑ በ1940ዎቹ ከታወቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱን ተከለከሉ። ጉዳዩ በ1972 በጋዜጣ ሲወጣ ጥናቱ ተቋረጠ፤ በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም በሕግ ጸኑ። ሕጉ ተሳታፊውን ከጉዳት ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ሐሳቡን ለመጠየቅ ግን ገና ቦታ አልነበረውም።

ያንን ቦታ ያስከፈቱት የኤድስ ሕሙማን ናቸው። በ1983 በዴንቨር ከተማ በተደረገ የጤና ጉባኤ ላይ በሽታው ያጠቃቸው ሰዎች ስለ እነሱ ውሳኔ በሚሰጥበት ደረጃ ሁሉ መካፈል እንዳለባቸው በጽሑፍ ጠየቁ። በ1987 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው አክት አፕ የተባለ የተሟጋቾች ቡድን በጥቅምት 1988 የአገሪቱን የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ በግንቦት 1990 ደግሞ ብሔራዊ የጤና ተቋማትን በሰልፍ አጥለቀለቀ። ጥያቄያቸው ዝርዝር ነበር፤ መድኃኒት ለሙከራ የሚመደበው እንዴት እንደሆነ፣ ሴቶችና ድሆች ከጥናቱ ለምን እንደሚቀሩ፣ ውጤቱ ለምን እንደሚዘገይ የሙከራ ዕቅዶቹን እያነበቡ ሞገቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የኤድስ መድኃኒት ሙከራ ጣቢያዎች የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ እንዲያቋቁሙ ተደረገ። አሠራሩ ከዚያ ወደ ክትባት፣ ወደ ሳንባ ነቀርሳና ወደ ወባ ጥናቶች ተሻግሮ አፍሪካና እስያ ደረሰ።

ሳይጠየቁ የቀሩ ሰዎች

ማኅበረሰቡ ዘግይቶ ሲሰማ ምን እንደሚከተል በ2004 እና በ2005 በካምቦዲያና በካሜሩን ታይቷል። ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ኤች አይ ቪን አስቀድሞ መከላከል ይችል እንደሆነ ለመፈተን በካምቦዲያ 960፣ በካሜሩን 400 ሴቶችን ለማሳተፍ ታቅዶ ነበር። ተሳታፊ እንዲሆኑ የታሰቡት በአብዛኛው በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው። በካምቦዲያ የእነዚሁ ሴቶች ማኅበር መድኃኒቱ ጉዳት ቢያደርስ ከጥናቱ በኋላ ማን እንደሚያክማቸው ጠየቀ፤ የረጅም ጊዜ ዋስትናም እንዲሰጥ ፈለገ። የሚያረካ መልስ አልተገኘም። ነሐሴ 2004 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጥናቱን አስቆሙት። በካሜሩን ጥናቱ ተጀምሮ ነበር፤ በሙከራው ጊዜ በቫይረሱ የሚያዙ ሴቶች ምን ሕክምና ያገኛሉ የሚለው ክርክር ገንፍሎ የካቲት 2005 ላይ ታገደ።

መድኃኒቱ በኋላ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ሙከራዎች መከላከያነቱ ተረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ቴኖፎቪር ያለበትን የመከላከያ ኪኒን ለከፍተኛ ተጋላጮች መከረ። ስለዚህ በካምቦዲያና በካሜሩን የወደቀው የመድኃኒቱ ሳይንስ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራምና አቫክ የተባለው ድርጅት በ2007 ያወጡት፣ በ2011 ያሻሻሉት የመልካም አሳታፊ አሠራር መመሪያ የዚያ ውዝግብ ፍሬ ነው። መመሪያው ማኅበረሰቡ ከጥናቱ ንድፍ እስከ ውጤቱ ማሳወቂያ ድረስ በየደረጃው እንዲካፈል ያዛል።

በሰኔ 2015 ጋና ተመሳሳይ ነገር ገጠማት። በሆሆዬ ከተማ ሊደረግ የነበረው የኢቦላ ክትባት ሙከራ የአገሪቱን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ጋና ውስጥ ግን አንድም የኢቦላ ሕመምተኛ አልነበረም፤ ክትባቱ በሽታውን ያመጣብናል የሚል ፍርሃት ተናፈሰ። ለበጎ ፈቃደኞች ሊሰጥ የታሰበው ገንዘብና ሞባይል ስልክም ጥርጣሬውን አባባሰው። ጉዳዩ ፓርላማ ደርሶ ሙከራው ታገደ። የወረቀቱ ፈቃድ የተሟላ ቢሆንም ነዋሪው የሰማው ከወሬ ነበር።

ኪሊፊ፦ ተራ ነዋሪዎችን መምረጥ

ከሞምባሳ በስተሰሜን በኬንያ ጠረፍ የምትገኘው ኪሊፊ ከ1989 ጀምሮ የአንድ ትልቅ የምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ማዕከሉ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምና የብሪታንያው ዌልካም ትረስት የሚያካሂዱት ሲሆን በዓለም የመጀመሪያው የወባ ክትባት ከተሞከረባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን በ2021 ለአፍሪካ ሕፃናት መክሯል።

ማዕከሉ የሚሠራው በመንግሥት ሆስፒታል ግቢ በመሆኑ ብዙ ነዋሪዎች ጥናቱን ከሕክምና አይለዩትም ነበር። ልጁን ለማሳከም የመጣ ወላጅ የደም ናሙናው ለሕክምናው የተወሰደ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ስለሚወሰደው ደም ብዛትና ስለሚሄድበት ቦታ የሚያስፈሩ ወሬዎች ይናፈሱ ነበር፤ ከሰይጣን አምልኮ ጋር ያያያዙትም አልጠፉም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማዕከሉ ከየአካባቢው የማኅበረሰብ ተወካዮችን አስመርጦ መረብ ዘረጋ፤ ቁጥራቸው ከ150 በላይ ሆነ። አለቆችንና ባለሥልጣናትን ከመሰብሰብ ይልቅ ተራ ነዋሪ በጎረቤቶቹ ፊት እንዲመረጥ ተደረገ፤ ሴቶችና ወጣቶች እንዲገቡም ታሰበበት።

ተወካዮቹ ሁለት ፊት ያለው ሥራ ወደቀባቸው። ለተመራማሪው የሰፈሩን ስሜት ይነግራሉ፤ ለሰፈሩ ደግሞ ጥናቱን ያስረዳሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጎረቤት የማዕከሉ ተቀጣሪ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሥራ እንዲያስገቡት ወይም በሆስፒታል ወረፋ እንዲያስቀድሙት ይጠይቃቸዋል። እነሱም ከጊዜ በኋላ ምርምሩን እየለመዱ የተራ ነዋሪነት ዓይናቸው ሊደበዝዝ ይችላል። ብዙ የሚያውቅ አባል ለስብሰባ ይመቻል፤ ቦርዱ የሚፈልገው የመጀመሪያ ጊዜ ሰሚ ጥያቄ ግን ከእሱ አይወጣም። አባላትን በየጥቂት ዓመቱ መቀየር የተለመደ መፍትሔ የሆነው ለዚህ ነው።

በታይላንድና በምያንማር ድንበር ላይ ያለችው የሜ ሶት ከተማ ጉዳይ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የወባ ምርምር የሚደረግባቸው ሰዎች በአብዛኛው ስደተኞችና ድንበር ተሻጋሪ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉንም የሚወክል የሰፈር አለቃ የላቸውም። በ2009 የተቋቋመው የማኅበረሰብ ሥነ ምግባር አማካሪ ቦርድ ከካረንና ከበርማ ተወላጆች የተውጣጣ ሲሆን የጥናት ዕቅዶችን እየመረመረ ለተሳታፊ የሚሰጠው የጉዞና የድካም ማካካሻ ስንት መሆን እንዳለበት ጭምር ይመክራል። ሕጋዊ መኖሪያ ለሌለው ሰው ትንሽ የሚመስል ክፍያ እንኳ እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ሊሆን ስለሚችል መጠኑን ከውጭ ሆኖ መገመት አይቻልም።

ወላይታና ሶዶ

በኢትዮጵያ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ወላይታ ውስጥ ስለ እግር ዝሆኔ የተደረገው ነው። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው። አንድ መንደር ውስጥ በተመሳሳይ አፈር ላይ ከሚሄዱት መካከል የሚታመሙት ጥቂቶች በመሆናቸው ተመራማሪዎች የዘር ተጋላጭነት ይኖር እንደሆነ ማጥናት ፈለጉ። ነገር ግን በአካባቢው ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ ይገለላል፤ ልጆቹን ለትዳር የሚፈልግ አይገኝም። «በዘር የሚመጣ ነው» የሚለውን ንግግር ሳይንስ ያጸናው ከመሰለ መገለሉ ይብሳል።

ስለዚህ ደም ከመወሰዱ በፊት ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ ተደረገ። ይህ ቋሚ ቦርድ ሳያቋቁሙ ነዋሪዎችን፣ ሕሙማንንና የጤና ሠራተኞችን አስቀድሞ በማነጋገር የስምምነት አጠያየቁን የሚቃኝ ዘዴ ነው። ውጤቱ በ2009 ታትሟል። ሰዎች ለመሳተፍ ወይም ላለመሳተፍ ሲወስኑ ከጽሑፉ ይልቅ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ከመጡ ተመራማሪዎች ምን እንደገጠማቸው፣ ሶዶ ከተማ ያለው የሕሙማን መርጃ ማኅበር ሠራተኞች ምን እንዳሉ ይመዝናሉ። አጠያየቁ በዚያ መሠረት ተስተካከለ። የዘር ጥናቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ተጋላጭነቱ በሽታ የመከላከል ሥርዓትን ከሚመሩ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ።

በጉራጌው ሶዶ ወረዳ (ከወላይታዋ ሶዶ ከተማ የተለየ ነው) የሆነው የአእምሮ ጤናን ይመለከታል። ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ያቀፈ ሲሆን ዓላማው የአእምሮ ሕክምናን በተራ ጤና ጣቢያ መስጠት የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ነበር። በሶዶ የወረዳው ዕቅድ የተነደፈው የአካባቢው ሰዎች በተካፈሉባቸው ውይይቶችና በማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ ድጋፍ ነው። በዚያው ወረዳ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። ድህነት፣ መገለል፣ ሐኪም ባለበት ለመናገር መፍራት ይይዛቸዋል። ስማቸው በአባላት ዝርዝር ላይ ቢሰፍርም አስቀድሞ ሥልጠናና የሚደግፋቸው ሰው ከሌለ ዝም ብለው ይወጣሉ።

በኢትዮጵያ ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የልማት ቡድኖችና ቀበሌዎች ሰው ለመጥራት ፈጣን መንገድ ናቸው። ቀበሌው የጠራው ስብሰባ ላይ መገኘት ግን እንደ ግዴታ ይታያል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ «አልሳተፍም» ማለት ይከብዳል። ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ ሰው በውዴታው የሚገባባቸው በመሆናቸው አባላትን ከእነሱ ማስመረጥ ነጻነትን ይጨምራል። ቀበሌውን ጨርሶ ማለፍ ደግሞ አይቻልም፤ ያልተነገረው ባለሥልጣን ጥናቱን በማግሥቱ ሊያስቆመው ይችላል። አስተባባሪው ለቀበሌው ያሳውቃል፣ ደብዳቤ ያስገባል፤ ምርጫውን ግን ከቀበሌው እጅ ያወጣዋል።

አንድ ስብሰባ በቅርብ ሲታይ

ደም የሚወሰድበትን ጥናት የሚመለከት የቦርድ ስብሰባ በተለመደው አካሄዱ እንዲህ ነው። አስተባባሪው ከሳምንት በፊት አጀንዳውን አሳውቋል፤ የስምምነት ቅጹ ግን የማያነቡ አባላት ስላሉ ስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ተመራማሪዋ «5 ሚሊ ሊትር ደም እንወስዳለን» ስትል አዳራሹ ዝም ይላል። አስተባባሪው ባዶ የናሙና ብልቃጥና የሻይ ማንኪያ ከቦርሳው አውጥቶ መጠኑ ከአንድ ማንኪያ እንደማይበልጥ በውኃ ያሳያል። ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄዎቹ በየቦታው ይመሳሰላሉ። ደሙ ወዴት ይሄዳል፣ ውጭ አገር ይላካል ወይ? በሽታ ቢገኝብኝ ትነግሩኛላችሁ ወይ፣ ማንስ ያክመኛል? ባል እምቢ ካለ ሚስት መሳተፍ ትችላለች? ቀጥሎ ምክር ይመጣል። አንድ ቄስ በጾም ቀን ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ስለሚቆይ ጠዋት ደም መስጠት እንደሚያስፈራው፣ በረመዳንም ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንዲሁ እንደሆነ ያነሳሉ። አንዲት ነጋዴ በገበያ ቀን ቤት ለቤት መሄድ ባዶ ቤት ማንኳኳት ነው ትላለች። አንድ አዛውንት ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መኪና ከበር ላይ ካቆመ ጎረቤት ሁሉ «እዚህ ቤት በሽታ ገባ» ብሎ እንደሚያወራ ያስታውሳሉ።

እነዚህ በሳይንሱ ላይ የተሰነዘሩ ትችቶች አይደሉም፤ ግን ጥናቱን ይነካሉ። ገበያ የሚውሉ ሴቶች ባልተገኙበት ቀን የተሰበሰበ ናሙና የሚወክለው የመንደሩን ግማሽ ነው። በመኪናው ምክንያት እምቢ ያሉ ቤተሰቦች በብዛት አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ ውጤቱ ይዛባል። ተመራማሪዋ የምትችለውን እዚያው ትቀበላለች፤ ሌላውን ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር መነጋገር እንዳለባት ትናገራለች። ጸሐፊው ምክሩን በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን መልስ የሚሰጠውን ሰውና ቀኑን ያሰፍራል።

ይህ ስብሰባ ጥቅም የሚኖረው የጥናቱ ዕቅድ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከመግባቱ በፊት ከተደረገ ነው። ዕቅዱ ከጸደቀ፣ በጀቱ ከተፈቀደ፣ ቅጹ ከታተመ በኋላ የሚመጣ ምክር ማሻሻያ ማስገባትን ስለሚጠይቅ ተመራማሪው ሊሰማው አይወድም። ብዙ ቦርድ «ተወያይተናል» ተብሎ ሪፖርት ላይ ከመጻፍ ያለፈ ሥራ የማይሠራው ዘግይቶ ስለሚጠራ ነው።

አበልና ነጻነት

የቦርድ አባል ደመወዝ አይከፈለውም፤ የጉዞ ወጪና የባከነ የሥራ ቀን ማካካሻ ግን ይገባዋል። ምንም ካልተከፈለ ቦርዱ የሚሞላው ጊዜና ገንዘብ ባላቸው ሰዎች ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ አትመጣም። ክፍያው ከአካባቢው የቀን ገቢ በብዙ ከበለጠ ደግሞ አባሉ ቦታውን ላለማጣት ሲል ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ይናገራል። ስለዚህ መጠኑ ቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል፣ ለሁሉም እኩል ይሆናል፣ በዚያው ቀን ይከፈላል። ከፋይናንስ ክፍል ወራት ዘግይቶ የሚመጣ አበል ከማንኛውም ወሬ በላይ ቦርድን ያፈርሳል።

ሰብሳቢው ከአባላቱ መካከል ቢመረጥ፣ አጀንዳ የማስያዝ መብትም የአባላቱ ቢሆን ነጻነቱ ይጠነክራል። አባላቱ ተመራማሪዎቹ ከክፍሉ ወጥተው ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ መኖሩም እንዲሁ፤ ሐኪሙ ፊት ለፊት ሳለ የማይነሳ ቅሬታ ያኔ ይነሳል። የተሳታፊ ምሥጢር ወደ ቦርዱ አይገባም፤ ማን በጥናቱ እንዳለ፣ ማን ምን እንደታመመ አባላቱ ማወቅ የለባቸውም፣ ጎረቤት ናቸውና።

የምክሩ ወሰን

ቦርድ ሊያደርግ የማይችለው ነገር አለ። ዐሥራ አምስት ሰዎች አንድ ወረዳን ሙሉ ሊወክሉ አይችሉም። በተለይ የተገለሉ ሰዎች፣ ስደተኞችና ሕፃናት ከውስጡ ይቀራሉ፤ ለእነሱ የተለየ ውይይት ያስፈልጋል። ቦርድ ለፕሮጀክት የተቋቋመ ከሆነ ገንዘቡ ሲያልቅ ይበተናል፤ የተከማቸው ልምድና እምነትም አብሮ ይሄዳል። ቦርዱን ከአንድ ጥናት ይልቅ ከተቋሙ ጋር ማያያዝ ይህንን ይቀንሳል።

አንዳንድ ማኅበረሰቦች ከምክር አልፈው ደንብ አውጥተዋል። የደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ይፋ አደረጉ። ከዚያ በፊት በ2010 የአራት የሳን ሰዎች የዘር መረጃ በታወቀ ሳይንሳዊ መጽሔት ሲወጣ መሪዎቻቸው አለመጠየቃቸውን ተቃውመው ነበር። ደንቡ ተመራማሪው አክብሮትን፣ ሐቀኝነትን፣ ፍትሕን፣ ተቆርቋሪነትንና ተገቢውን ሂደት እንዲጠብቅ ይጠይቃል።

ዓለም አቀፍ ደንቦችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። የዓለም ሕክምና ማኅበር በጥቅምት 2024 ያሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ከተሳታፊዎችና ከማኅበረሰቦቻቸው ጋር የሚደረግ ትርጉም ያለው ተሳትፎ ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ ጊዜና ከጥናቱ በኋላ እንዲሆን ይላል። በብዙ ቦታ የሚዘለለው «በኋላ» የሚለው ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ ወደ መንደሩ ሳይመለስ ይቀራል፤ ቀጣዩ ተመራማሪ ሲመጣም ነዋሪው «ያለፉት የት ደረሱ?» ይለዋል። ውጤቱን፣ የጠበቁት ሆኖ ባይገኝም እንኳ፣ ለቦርዱና በቦርዱ በኩል ለነዋሪው ማቅረብ የአስተባባሪው የመጨረሻ ሥራ ነው።

ቦርድ መሥራቱን ለማወቅ የስብሰባዎቹን ብዛት መቁጠር አይበቃም። ቃለ ጉባኤውንና የጥናቱን ዕቅድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን ምክር እንደተሰጠ፣ ከምክሩ የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ ያላገኘው ለምን እንደቀረና ይህ ለአባላቱ ተነግሯቸው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ምክር ላይፈጸም ይችላል፤ የሳይንሱ ወይም የበጀቱ ግድ ሊከለክል ይችላልና። በምክንያት የተመለሰ እምቢታ ግን አባሉን ለቀጣዩ ስብሰባ ያመጣዋል። በቃለ ጉባኤው ላይ ምክር እየተመዘገበ በዕቅዱ ላይ ለዓመታት አንድም ነገር ካልተቀየረ፣ ያ ቦርድ ማኅተምና አባላት ቢኖሩትም ማኅበረሰቡ በጥናቱ አልተካፈለም።